ሁለቱንም የሰማው ጠበቃ

ክንፈ ለጠበቃ ቢሮ የተከራየው ክፍል ከዚያ በፊት ስልክ መጠገኛ እንደ ነበር ያውቃል። ያላወቀው፣ የመካነ ሰላም ሰው አንዴ የለመደውን በር በቀላሉ እንደማይረሳ ነው። «ክንፈ ይሄነው፣ ጠበቃና የሕግ አማካሪ» የሚል ታፔላ ከበሩ በላይ ካሰቀለ በኋላ እንኳ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ደጁን የረገጠው ሁሉ ከኪሱ ስልክ እያወጣ ነበር የሚገባው። ክንፈ ዓይነ አፋር ነው፤ ሰው ገና ከመግባቱ «ተሳስተዋል» ማለት ይከብደዋል። ስልኩን ይቀበላል፣ አገላብጦ ያያል፣ ከዚያ በቀስታ «እኔ እንኳ የሕግ ሰው ነኝ» ይላል።

«ሕግን የሚያህል ነገር ያወቅህ ይቺ ታቅትሃለች?» አሉት አንዲት አሮጊት፣ ስልካቸውን ነጥቀው በመቀነታቸው እየቋጠሩ።

በረንዳውን የሚጋራው ልብስ ሰፊው ያሲን ነበር። ያሲን ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል የመንገዱን ነገር ሁሉ ያያል፤ ያየውንም ሳይናገር አይውልም።

«ወላሂ ክንፈ፣ አንዱን እንኳ ጠግንላቸው» አለው። «ሰዉ ምን አጠፋ? የተበላሸ ነገር ይዞ መጣ፤ አንተም የተበላሸ ነገር አቃናለሁ ብለህ ጽፈሃል።»

«እንደዚያ ብዬ አልጻፍኩም።»

«ታዲያ ቀጥ ላለ ነገር ማን ጠበቃ ይፈልጋል?»

ክንፈ ሰባት ዓመት አቀስታ ላይ በዐቃቤ ሕግነት ሠርቷል። እዚያ ነገር ወደ እሱ የሚመጣው በመዝገብ ነበር። ፖሊስ ያጣራል፣ መዝገብ ቤት ይቀበላል፣ ከዚያ የከሳሹም የተከሳሹም ስም ከላይ በጉልህ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። እሱ ማንንም «ማን ነዎት?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም፤ ቀድሞት የጠየቀ ሰው ሁልጊዜ ነበር። ሥራውን የለቀቀው ከማንም ተጣልቶ አይደለም። ኮሪደር ላይ የሚጠብቁትን ሰዎች «አጠር አድርጉት» እያለ መመለስ ሰልችቶት ነው። አንድ ቀን ከሩቅ ቀበሌ የመጡ ሰውዬ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። እናንተ ከጫፉ ታስጀምሩንና አልገባንም ትላላችሁ» ብለውት ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። ይህች ንግግር ከውስጡ አልወጣችም። የጥብቅና ፈቃድ አወጣ፣ ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ፣ አናጺ ዘንድ አንድ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር አሠራ፣ የሕግ መጽሐፎቹን መስኮቱ ደፍ ላይ ደረደረ፣ ማኅተም አስቀረጸ። ሰው ሲናገር እንዳያቋርጥ ለራሱ ቃል ገባ።

የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ በአራተኛው ሳምንት፣ በገበያ ቀን መጣች። በእጇ የነበረው ስልክ ሳይሆን በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ነበር። ክንፈ ወረቀቱን ሲያይ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

አልታዬ ትባላለች። አርባን ያለፈች፣ ፊቷን ፀሐይና ነፋስ ያጠቆረው፣ ስትናገር ወለል ወለሉን የምታይ ሴት ናት። አባቷ አምና ሞተዋል። ከከተማው ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ፣ ጅረት ዳር፣ ስንዴና ባቄላ የሚዘራበት አራት ጥማድ መሬት ነበራቸው። ሲሞቱ ኑዛዜ ወጣ። ኑዛዜው መሬቱን ሁሉ ለታላቅ ወንድሟ ለአምላኩ ይሰጣል።

«ሲናዘዝ እኔ ኩታበር፣ ባለቤቴ ጋ ነበርኩ» አለች። «አሁን ባለቤት የለኝም። ልጄን ይዤ አክስቴ ጓሮ ገብቻለሁ። ክረምት ሳይገባ የምዘራበት ቁራሽ ካላገኘሁ፣ ልጄን ከትምህርት አውጥቼ ሰው ቤት ማስገባቴ ነው፣ ወንድሜ። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት።»

«ምስክሮቹ እነማን ናቸው?»

«አራት ናቸው፤ አራቱም የአምላኩ ጎረቤቶች። ወረቀቱ ደግ አይመስለኝም። ግን አልነበርኩበትም፣ ምን ብዬ ልናገር?»

ክንፈ ሳያቋርጥ ሰማ፣ ጻፈ። ስትጨርስ፣ ቢሮውን ከመክፈቱ በፊት ለብቻው ሲለማመደው የከረመውን ነገር ተናገረ፦ «እትዬ፣ እኔ ማወቅ ያለብኝ ሌላ ነገር አለ? እዚህ የተነገረ እዚሁ ይቀራል። ይሄ ክፍል ጆሮ እንጂ አፍ የለውም።»

አልታዬ ዞር ብላ በሩን አየች። የያሲን መኪና ድምፅ አልተቋረጠም።

«ሊሞት አንድ ወር ሲቀረው መጥቼ አይቼው ነበር» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እጄን ይዞ፣ ‹መሬቱን ለአምላኩ ሰጥቻለሁ፤ ያነሣኝ ያስቀመጠኝ እሱ ነው፤ ቅር አይበልሽ› አለኝ። እኔም እሺ አልኩት።»

«እሺ አሉት?»

«ለሚሞት ሰው እንቢ ይባላል? ያኔ ባል ነበረኝ፣ ቤት ነበረኝ። እሺ ማለት ቀላል ነበር።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። «ይሄን አምላኩ አያውቅም፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቢያውቅ ችሎት ላይ ‹ማይ› ያስብለኛል። እኔ ደግሞ በአባቴ ቃል ላይ በውሸት አልምልም።»

«ከእኔ አይሰማም» አለ ክንፈ።

ውክልናውን ሰጠችው። ክንፈ አቤቱታውን ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ ቀደደው፤ በአራተኛው መብራት ጠፍቶ ሁለት ቀን የታይፕ ቤቱን በር ሲጠብቅ ዋለ። በመጨረሻ ማኅተሙን ረገጠበትና ለፍርድ ቤቱ አስገባ። ቀጠሮው ለስድስት ሳምንት ተቆረጠ፤ ለአምላኩ መጥሪያ ወጣ። ያሲን የዚያን ቀን መንገደኛውን ሁሉ እያስቆመ «ጎረቤቴ ሥራ ጀመረ፤ ስልክ ያላችሁ ከአሁን ወዲያ ወደ ላይ ሂዱ» ሲል ዋለ።

መጥሪያው በወጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጋቢ የለበሱ ትልቅ ሰው ዱላቸውን ከበሩ አስደግፈው ገቡ። የቤቱን ሰላም፣ የከተማውን ሰላም፣ የሥራውን መቃናት አንድ በአንድ ጠይቀው ተቀመጡ። ክንፈ ስማቸውን አልጠየቀም። በአገሩ ልማድ ትልቅ ሰው ከተቀመጠ በኋላ «ማን ነዎት?» ማለት፣ ካላወቅሁዎት አላስተናግድዎትም እንደ ማለት ነው። ስም በኋላ፣ ነገሩ ሲያልቅ ይመጣል። ደግሞ ደስ ብሎታል። ሁለተኛ ባለጉዳይ ነበሩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት፣ ልጄ» አሉ ሰውየው። «የእኔ ነው አልልህም። እንበልና አንድ ሰው አለ።»

ክንፈ ፈገግ አለ። ትልልቅ ሰዎች ነገር ሲጀምሩ እንዲህ ነው። «እንበልና» ብሎ ወንበሩን ሳብ አደረገ።

ሰውየው ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት። አንድ ሰው አንድ በሽተኛ ሽማግሌ ያስታምማል፤ ስድስት ዓመት። ከመደብ ያወርዳቸዋል፣ ወደ ፀሐይ ያወጣቸዋል፣ መልሶ ያስገባቸዋል። ጠበል ይወስዳቸዋል፤ ሲሻላቸው ያመሰግኑታል፣ ሲብስባቸው ይሰድቡታል። አንድ ክረምት ጣራው አፈሰሰና ሰውየው የራሱን ማሳ አረም አስበልቶ ጣራ ሲጠግን ከረመ። ክንፈ አንድም ቦታ አላቋረጣቸውም። ከዚያ ወረቀት መጣ። ሽማግሌው ላስታመማቸው ሰው አንድ ነገር በወረቀት ሰጡ፤ አራት ሰዎችም አሻራ አደረጉበት።

«እንበልና ከአራቱ አንዱ ያን ቀን አልነበረም» አሉ።

«የት ነበር?» ክንፈ ብዕሩን አነሣ።

«ደጎሎ። የእኅቱን ልጅ ሊድር ሄዶ። በሳምንቱ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን፤ ተገናኙ ማለቴ ነው። እዚያው ማሳ ዳር፣ ካቡ ላይ ወረቀቱን ዘረጋና አሻራውን አኖረበት። ሽማግሌውንም አላየ፣ ሲነበብም አልሰማ። ያለው ይባላል፣ ጨዋ ሰው ነው። ሰጡ ከተባለ ሰጡ ነው ብሎ ነው። እንግዲህ ይሄ ነገር ያበላሻል ወይ? ነው ጥያቄዬ።»

ጥያቄው ክንፈ መልሱን አጥርቶ የሚያውቀው ዓይነት ነበር። «እንደ ወረቀቱ ነው» አለ። «ኑዛዜ ከሆነ ያፈርሰዋል። ምስክሮቹ በአንድነት ተቀምጠው፣ ሲነበብ ሰምተው፣ እዚያው...»

ቀሪው ቃል አፉ ውስጥ ቀረ። አራት ምስክር። ያስታመመ ሰው። ኑዛዜ። ብዕሩን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ስምዎን ማን ልበል?»

«አምላኩ» አሉ ሰውየው። እጃቸውን ከጋቢው ሥር ሰደዱና በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የፍርድ ቤቱ መጥሪያ ነው፤ ከኋላው የአልታዬ አቤቱታ፣ ከአቤቱታው ግርጌ የክንፈ ማኅተም አለ። «የእኅቴን ሰምተህ የለም? ሰዉ ሁሉ፣ ያ አዲሱ ልጅ ሰው ሲናገር አያቋርጥም ይላል። የእሷን ከሰማ የእኔንም ይስማ ብዬ መጣሁ። አሁን እኩል ሆንን።»

«ጋሼ፣ እኔ የእሳቸው ጠበቃ ነኝ እኮ!»

«እሱንማ ወረቀቱ ይላል።»

«ችሎት ላይ እርስዎን የምከራከር እኔ ነኝ። ይሄን ለእኔ መንገር አልነበረብዎትም።»

አቶ አምላኩ ግር አላቸው። «እንዴት ያለ ነገር ነው? ሽማግሌ አንዱን ሰምቶ በሌላው ላይ በር ይዘጋል? አንዱን ብቻ የሰማ ሰው ምኑን ያውቃል?»

ክንፈ መልሱን ያውቀዋል፤ ተምሮታል፣ ፈተና ላይም ጽፎታል። ግን ሰውየውን አንድ ሰዓት ሙሉ ሰምቶ፣ ጠይቆ፣ ጽፎ፣ መልሶላቸው ካበቃ በኋላ ያን መልስ ማንሣት ነውር መሰለው። ጥፋቱ የሰውየው አልነበረም። ከደጅ ሳሉ ቢጠየቅ የሚበቃ አንድ ጥያቄ ነበረ፤ እሱ ደግሞ መጨረሻ ላይ ጠየቀው።

«ይሂዱ ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «ላስብበት።»

ከሰዓት በኋላ ቢሮውን ዘግቶ ከከተማው ወጣ አለና፣ እርሻው ከሚጀምርበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ማስታወሻ ደብተሩ ጉልበቱ ላይ ነበር። ገጹ ላይ በራሱ ጽሕፈት «ያለው፤ ደጎሎ፤ ከሳምንት በኋላ፤ ካብ ላይ» ይላል። የአልታዬ ጉዳይ እስከ ትናንት የሚጨበጥ ነገር አልነበረውም። አሁን አንድ ጥያቄ ይበቃል። ያለው የተባለውን ሰው ምስክር ሳጥን አስቁሞ «ያን ቀን የት ነበሩ?» ማለት ብቻ። ጨዋ ሰው ነው ተብሏል፤ አይዋሽም። ኑዛዜው ይወድቃል፣ መሬቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ልጅቱ ትምህርቷን ትቀጥላለች። ከየት አወቅህ ብሎ የሚጠይቅም የለም። ከተማው ደግሞ የመጀመሪያውን ክርክር በአንድ ጥያቄ የረታ ጠበቃ ይኖረዋል።

ግን ያን ጥያቄ ያቀበሉት ሰውየው ራሳቸው ናቸው፤ ያውም አምነውት። ከዚህም የባሰ ነገር ነበረ። ወረቀቱ የተበላሸ መሆኑን ከአምላኩ ሰምቷል። ሽማግሌው መሬቱን ለአምላኩ መስጠታቸው እውነት መሆኑን ደግሞ ከአልታዬ ሰምቷል። እኅትና ወንድም ያልተነጋገሩት ነገር በእሱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ተገናኘ። አሁን ለየትኛቸውም ቢናገር፣ ከአፉ የሚወጣው ቃል የሌላኛቸው ነው።

ሲመለስ ያሲን አንድ ኮት ሲያጠብ አገኘው።

«ያሲን፣ እንበልና አንድ ልብስ ሰፊ አለ።»

«ያሲን ይባላል በለኛ!»

«ሁለት ጣውንቶች ልብስ ሊያሰፉ መጡ። እያንዳንዷ የልቧን ነገረችው። አንደኛዋ የነገረችው ለሌላዋ ቢነገር ይጠቅማታል። ምን ያደርጋል?»

ያሲን መርፌውን ከንፈሩ ላይ አስያዘ። «ይሄማ እንበልና አይደለም፣ ለዒድ ደርሶብኛል። ሁለቱም የመጡት ‹ለእሷ ምን ሰፋህላት?› ለማለት ነው። ለአንዷ ብነግራት ኖሮ፣ እሷ ያምርባታል፣ እኔ ግን ከዚያ ወዲያ መቀስ አልይዝም። የዚህ ከተማ ሴት ሁሉ ልኳን እኔ ዘንድ አኑራ ነው የምትሄደው። የማን ወገብ እንደ ሰፋ የማውቅ እኔ ነኝ።»

«እና ምን አደረግህ?»

«ሁለቱንም ጨርቃቸውን መለስኩና ሌላ ሰፊ ጋ ሰደድኳቸው። አንደኛዋ እስከ ዛሬ ትረግመኛለች። አብሽር፣ እርግማን ልብስ አይቀድም።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አልታዬ ስትመጣ ክንፈ ወረቀቶቿን በፌስታሉ አድርጎ አዘጋጅቶ ጠበቃት። ደጋግሞ ያጠናውን ንግግር ጀመረ።

«እትዬ፣ ጉዳይዎን መያዝ አልችልም። ለፍርድ ቤቱም አስታውቄያለሁ። ደሴ ያለ አንድ ጥሩ ጠበቃ አነጋግሬልዎታለሁ፤ ቀጠሮው ሳይደርስ ይቀበልዎታል።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ጥፋቱ የእኔ ነው። መስማት የሌለብኝን ነገር ሰማሁ።»

«ከማን?»

ክንፈ ዓይኑን ወደ ፌስታሉ አዞረ።

«አምላኩ መጥቷል» አለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ክንፈን ‹እርስዎ› ማለቷ ቀረ። «አንተ! መጥቶ ነበር አይደል? ምን አለህ? ምን ነገረህ?»

«ልነግርዎት አልችልም።»

«እኔ የአባቴን ቃል ሳይቀር አውጥቼ ነግሬህ፣ አንተ የእሱን አልነግርሽም ትላለህ? የደሴ መኪና በየቀኑ እንደማይወጣ ታውቃለህ? እኔ ደሴ ማንን አውቃለሁ?» ፌስታሉን ነጠቀችው። በረንዳው ላይ ወጥታም ድምፅዋን አልቀነሰችም። «ጆሮ እንጂ አፍ የለውም አለኝ! እውነቱን ነው፣ አፍ የለውም! አፍ የሌለው ጠበቃ!»

የገበያው ሰው ቆሞ ሰማ። ያሲንም መኪናውን አቆመ።

ከዚያ በኋላ ከተማው የየራሱን አወራ። አንዱ ጠበቃው ፈራ አለ፤ ሌላው ከወዲያኛው ወገን ጉቦ በልቷል አለ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ሲያልፍ እያዩት ይሳሳቃሉ። ለሰባት ሳምንት ያህል ቢሮው የገባው ሰው ስልክ የያዘ ብቻ ነበር። ክንፈ ግን በየጠዋቱ በሩን ይከፍት ነበር። በነዚያ ቀናት አንድ ነገር ብቻ ሠራ። ወፍራም መዝገብ ገዛና በየገጹ ራስጌ ላይ ሁለት መሥመር አሰመረ፤ አንዱ ለባለጉዳዩ ስም፣ አንዱ ለባለጋራው ስም። ከመሥመሮቹ በታች ያለው ቦታ ባዶ ነው። መዝገቡን ከበሩ አጠገብ ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

አቶ አምላኩ አንድ ቀን ተመልሰው መጡ። ክንፈ ከበሩ አላሳለፋቸውም።

«እሷን ከተውካት እንግዲህ የእኔን ያዝልኝ» አሉ።

«የእርስዎንም አልይዝም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ የነገርኩህ ነገርስ?»

ክንፈ ከማስታወሻ ደብተሩ ያን ገጽ ገንጥሎ ሰጣቸው። «ይሄ የእርስዎ ነው።»

ሰውየው ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው ዓይናቸውን አጠበቡ። ንባብ ጥቂት ጥቂት ይችላሉ። «ያለው... ደጎሎ...» አሉ። «ለእሷ አልነገርካትም?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ለደሴው ሰውዬስ?»

«ለእሱም።»

«እሷ በገበያ መሐል ስትሰድብህ፣ ይሄ ኪስህ ውስጥ ነበር?»

«ነበር።»

አቶ አምላኩ ወረቀቱን እንደ መጥሪያው በአራት አጥፈው ከጋቢያቸው ሥር አገቡት፤ ዱላቸውን አነሡና ወጡ። ክንፈ ገጹን ያቃጥሉታል ብሎ አሰበ። ቢያቃጥሉትም አይፈርድባቸውም ነበር።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡም ጀመረ። አንድ ረፋድ ክንፈ አንገቱን ደፍቶ ሲያነብ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ቀና ሳይል፣ ለራሱ ሲለማመድ እንደ ከረመው፣ «ከመቀመጥዎ በፊት ስምዎንና የባለጋራዎን ስም ይንገሩኝ» አለ።

«ረሳኸኝ?»

አልታዬ ነበረች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። ክንፈ ብድግ ሲል ወንበር እስኪያቀርብላት አልጠበቀችም፤ ስባ ተቀመጠች።

«ችሎቱ በሽማግሌ ጨርሱ ብሎ መለሰን» አለች። «ቄስ ኪዳነማርያምና ሼህ ረመዳን ተቀመጡ። አራቱ ምስክሮች በአንድነት ነበሩ ብለህ ማል አሉት፣ አምላኩን። ተነሣ። ይምላል ብዬ ጨርሼ ነበር። እሱ ግን ከጋቢው ወረቀት አወጣና፣ ‹እኔ አልምልም፤ ይሄን አንብቡ› አለ።» ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለች። «ጽሕፈትህን አወቅሁት። አቤቱታዬን ስትጽፍ አጠገብህ ተቀምጬ የለም?»

ክንፈ ሲያነብ የነበረውን መጽሐፍ ዘጋ።

«ሼህ ረመዳን፣ ምነው አንተ ሰው፣ ማን አስገድዶህ? አሉት። ‹ይሄን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ› አለ። ‹ለእኔ ሲል የተሰደበ ሰው ነው። እሱ ዝም ብሎ እኔ ብምል፣ መካነ ሰላም ገበያ በየት በኩል አልፋለሁ?› አለ።»

«መሬቱስ?»

«አንድ ጥማድ። ጅረቱን ተከትሎ ያለውን ሰጡኝ፤ ትናንት አረስነው። በሬውም ሞፈሩም የአምላኩ ነው።» እጇን ጭኗ ላይ አኖረች። «አንተ ታውቅ ነበር። አንዲት ቃል ብትናገር ሁለቱን ጥማድ እወስድ ነበር። ደሴ እየተመላለስኩ መኪና ጠብቄ ሳድር ታውቅ ነበር።»

«አዎ» አለ ክንፈ። «አውቅ ነበር።»

ይቅርታ ሊላት ፈለገ፤ ግን ነገሩ መልሶ ቢያጋጥመው ያንኑ እንደገና ያደርጋል። ለምን ይዋሻል? የያሲን መኪና ቆማለች፤ ልብስ ሰፊው ጆሮውን ጥሏል።

«የደሴው ጠበቃ፣ አሁን ወንድምሽ አምኗል፣ ወደ ፍርድ ቤት ተመለሽና ግማሹን ውሰጂ አለኝ» አለች አልታዬ። «እንቢ አልኩት። ሞኝ ነሽ አለኝ። ለምን እንቢ እንዳልኩ ግን እሱ አያውቅም።» ዓይኗን ከወለሉ አነሣች። «አንተ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ለአምላኩ ነገርከው? አባቴን እሺ ማለቴን?»

«አልነገርኳቸውም።»

«እሱ ሲመጣስ? ጉዳዬን ያዝልኝ ሲልህስ?»

«ያን ጊዜም።»

አልታዬ ነጠላዋን አወለቀች፣ አራገፈች፣ መልሳ አጣፋች። ገና አልታረቀችውም፤ ከፊቷ ያስታውቃል። ተነሥታ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ወደ በረንዳው አንገቷን አወጣች።

«ኡምኩልሱም! ነይ ግቢ» ብላ ተጣራች። ሻሿን ከዝናብ በፌስታል የሸፈነች አንዲት ወጣት ሴት፣ ከያሲን አግዳሚ ላይ ተነሥታ እየፈራች ቀረበች። ጎረቤቷ ናት። በእጇ ወረቀት እንጂ ስልክ አልያዘችም።

ኡምኩልሱም ሰላምታ ሰጥታ ወደ ወንበሩ አመራች። ክንፈ ከበሩ አጠገብ ወዳለው መዝገብ ፈጠን ብሎ ሄዶ ገለጠው።

«ይቅርታ፣ ከመቀመጥዎ በፊት ስምዎን፣ የባለጋራዎንም ስም።»

ሴትዮዋ ደንግጣ አልታዬን አየቻት። «ሳልቀመጥ?»

«ንገሪው» አለች አልታዬ። «ባለጌ ነው፤ ግን የነገርሽውን አያወጣም።»